የሳጥን ብር ስንት ያወጣል? ዲላ ላይ አሮጌ ኖት ለሚገዛም ለሚሸጥም

ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉት ወራት በጌዴኦ ዞን ጥሬ ገንዘብ የሚበዛባቸው ናቸው። እሸት ቡና ከገበሬው ወደ ሰብሳቢው፣ ከሰብሳቢው ወደ ማጠቢያ ጣቢያው ሲጓዝ፣ ብሩ ደግሞ በተቃራኒው ከዲላ ወደ ወናጎ፣ ወደ ይርጋ ጨፌ፣ ወደ ኮቸሬና ወደ ገደብ ይወርዳል። ወቅቱ ሲያልፍ ጥቂት ትርፍ የቀረው ነጋዴ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ይኸውም ገንዘቡን በምን መልክ ያቆየው የሚል ነው።

ጥያቄው ለወግ ያህል የሚነሳ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ዓመታዊው የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ በወጣበት ጊዜ፣ ገንዘቡን በቁጠባ ሒሳብ ያስቀመጠ ሰው ወለዱን ደምሮም ከስሯል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚህ ምክንያት ነጋዴው ቦታ ይገዛል፣ መኪና ይገዛል፣ ወርቅ ይገዛል። ሌላ ሦስተኛና አራተኛ አማራጭ የሚያቀርብለት ደላላም አይጠፋም። ከአማራጮቹ አንዱ አሮጌ ገንዘብ ነው።

ለትምህርት ያህል አንድ ሳጥን እንክፈት። ዲላ ውስጥ አንዲት ሴት ከአባቷ የወረሰችውን የእንጨት ሳጥን ስትከፍት አምስት ዓይነት ነገር አገኘች እንበል፦ የጣልያን ምሥራቅ አፍሪካ ባለ 100 ሊሬ አንድ ኖት፣ የጃንሆይ መልክ ያለበት ባለ 1 ብር አራት ኖት፣ በዚያው ዘመን የታተመ ባለ 50 ብር አንድ ኖት፣ ሁለት ጠገራ ብር፣ እንዲሁም በ2013 ዓ.ም. ከገበያ የወጣው ባለ 100 ብር አንድ እስር። ደላላው መጥቶ "እትዬ፣ ይሄ እኮ ውጭ አገር ሚሊዮን ያወጣል" ቢላት ምን ብላ ትመልስለት? ጎረቤቷ ያለው ባለ ካፒታልስ ሣጥኑን በሙሉ ሊገዛ ቢፈልግ ስንት ይበል?

ሦስት ዋጋ በአንድ ወረቀት

በመጀመሪያ ሦስት ዋጋዎችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ዋጋ ነው። ይህ ዋጋ መንግሥት ኖቱን ከገበያ ባወጣበት ቀን ይሞታል። ሁለተኛው ዕቃው የተሠራበት ነገር ዋጋ ነው። ጠገራ ብር ይህ ዋጋ አለው፤ ወረቀት ግን የለውም። ሦስተኛው የሰብሳቢ ዋጋ ሲሆን፣ እሱም አንድ ሰው ያንን ኖት ለማግኘት ፈልጎ የሚከፍለው ነው። በሰብሳቢ ገበያ ላይ የሚሳሳት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው አንደኛውን ዋጋ ከሦስተኛው ጋር ስለሚያምታታ ነው። ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ፣ ዘመኑም ከራቀ ዋጋው ከፍ ያለ ይመስለዋል።

ይህ አስተሳሰብ ምን ያህል ስህተት እንደሆነ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የነበረችው ጀርመን ታሳያለች። ከጦርነቱ በፊት አንድ ዶላር 4.2 ማርክ ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1923 አንድ ዶላር 4.2 ትሪሊዮን ማርክ ገባ። የመንግሥቱ ባንክ የራሱ ማተሚያ ቤት አልበቃ ብሎት ከ130 በላይ የግል ማተሚያ ቤቶችን አሠርቷል። ከተሞችና ፋብሪካዎችም የየራሳቸውን ወረቀት አትመዋል። ታዲያ ያ ሁሉ ወረቀት የት ገባ? አብዛኛው በየመሳቢያውና በየሳጥኑ ቀረ። አንድ ትሪሊዮን ማርክ በአንድ አዲስ ማርክ ሲለወጥ፣ ጥቂት ሚሊዮን ማርክ ይዞ ባንክ ድረስ መሄድ የጫማ ሶል መጨረስ ብቻ ነበርና። ስለዚህ ዛሬ የዚያ ዘመን ባለ ሚሊዮን ማርክ ኖት በጥቂት ዶላር ይገዛል።

ከዚሁ ጋር አንድ ታሪክ ይነሳል። ከጦርነቱ በፊት የታተመ፣ እ.ኤ.አ. 1910 የሚል ቀንና ቀይ ማኅተም ያለበት ባለ 1,000 ማርክ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ያው ኖት፣ ያው ቀን ይዞ፣ በአረንጓዴ ማኅተም ታተመ። ብዙ ጀርመኖች "ባለ ቀዩ የወርቅ ዘመን ገንዘብ ነው፤ አንድ ቀን መንግሥት በሙሉ ዋጋው ይከፍለናል" ብለው አስቀመጡት። የከፈላቸው የለም። ተስፋ አድርገው በጥንቃቄ ስለጠበቁትም ኖቱ ዛሬ በብዛትና በጥሩ ይዞታ ይገኛል፤ በመሆኑም ርካሽ ነው። ብዙ ሰው "ይወደዳል" ብሎ ያስቀመጠው ወረቀት የማይወደደው በዚሁ ምክንያት ነው።

በተቃራኒው፣ ሰው አምኖበት ይዞት፣ በኋላም በሙሉ ዋጋው ለባንክ አስረክቦ አዲስ ገንዘብ የወሰደበት ኖት ብርቅ ይሆናል። ባንኩ ይሰበስበዋል፣ ያቃጥለዋል። ሳይመለስ የቀረው የጠፋ ወይም የተረሳ ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ለአሮጌ ኖት ገዢ ዋናው ጥያቄ "ስንት ዓመቱ ነው?" ሳይሆን "ስንቱ ሳይመለስ ቀረ?" የሚለው ነው።

ለደንቡ ማስተባበያ የሚሆን አንድ ኖት መጥቀስ ተገቢ ነው። ዚምባብዌ እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ያወጣችው ባለ 100 ትሪሊዮን ዶላር፣ በጥቂት ዶላር ሲሸጥ ቆይቶ ከዓመታት በኋላ ከ100 የአሜሪካ ዶላር በላይ ወጥቷል። የግሽበት ወረቀት ሆኖ ለምን ተወደደ? ኖቱ ያገለገለው ለጥቂት ወራት ነው፤ የዜሮዎቹ ብዛት ደግሞ ሰብሳቢ ያልሆነውን ሰው ሁሉ ለማስታወሻ እንዲገዛው አደረገ። ፈላጊው ከዓለም ዙሪያ መጣ። በአንጻሩ የዚያው ዘመን የዚያው አገር ሌሎች ኖቶች ብዙም አልተንቀሳቀሱም። ከመቶ አንድ የወጣለትን እያዩ ዘጠና ዘጠኙን መግዛት የሎተሪ ሒሳብ ነው።

ሊሬ፣ ሽልንግ፣ ጠገራ

አሁን ወደ ሳጥኑ እንመለስ። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን ስትወር ገበያው የሚያምነው ጠገራ ብርን ነበር፤ የኦስትሪያዋ ማሪያ ትሬዛ መልክ ያለበትን። ጣልያኖች ሊሬ ሕጋዊ ገንዘብ ነው ብለው ቢያውጁም ገበሬው ወረቀት አልቀበልም አለ። ሞሶሊኒ ይህ እንደሚመጣ አስቀድሞ ሳይገምት አልቀረም፤ እ.ኤ.አ. በ1935 የማተሚያውን መብት ከኦስትሪያ አግኝቶ ጠገራውን ሮም ውስጥ አስመትቷል። አንድ ጠገራ በ5 ሊሬ ይለወጥ ተብሎ የተጀመረው ተመንም ደጋግሞ ከፍ ማለት ግድ ሆኖበታል። እ.ኤ.አ. በ1938 እና በ1939 ለግዛቱ ብቻ የሚያገለግሉ ባለ 50፣ 100፣ 500 እና 1,000 ሊሬ ኖቶች ወጡ።

በዚያን ጊዜ በይፋዊው ተመን አንድ ዶላር 19 ሊሬ ነበር። ስለዚህ 1,000 ሊሬ 52 ዶላር ያህል ማለት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጣልያን ውስጥ ግሽበቱ ፈነዳ፤ ከጦርነቱ በፊት ከነበረው ጋር ሲነጻጸር ዋጋ ወደ 50 እጥፍ ያህል ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ1949 ምንዛሪው በ625 ሊሬ ረጋ። ያው 1,000 ሊሬ 1 ዶላር ከ60 ሳንቲም ሆነ። ሊሬውን "ይመለሳል" ብሎ የቀበረ ሰው ዕጣው ይህ ሲሆን፣ ወረቀት አልቀበልም ብሎ ጠገራውን የቀበረው ገበሬ ግን ብሩ ብር ሆኖ ቆየው። ምጣኔ ሀብት ያልተማረው ሰው ሒሳቡን በትክክል አስልቶታል።

ለሰብሳቢ ግን ነገሩ ይለያል። የምሥራቅ አፍሪካ ጽሑፍ ካለባቸው ሊሬዎች ባለ 50 እና ባለ 100 ከሌሎቹ ይልቅ ይገኛሉ፤ ባለ 500 እና ባለ 1,000 ብርቅ ናቸው። በሳጥኑ ውስጥ ያለው ባለ 100 ነው። ይሸጣል፤ ሚሊዮን ግን አያወጣም።

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ እንግሊዞች የምሥራቅ አፍሪካን ሽልንግ አስገቡ። ዛሬም ብዙ ሰው ሃምሳ ሳንቲምን ሽልንግ የሚለው ከዚያ የቀረ ነው፤ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ ሁለት ሽልንግ በአንድ ብር ተለውጧልና። አዲሱ ገንዘብ ወረቀት ሆኖ እንዲታመን ከጎኑ የብር ማዕድን ያለበት ባለ ሃምሳ ሳንቲም ወጣ። ማዕድኑን አሜሪካ አበደረች። ሳንቲሙ በመጀመሪያ 80 በመቶ ንጹሕ ብር ነበረው። ነገር ግን የማዕድኑ ዋጋ ሳንቲሙ ላይ ከተጻፈው እየበለጠ ሲሄድ ይዘቱ ወደ 70 በመቶ ዝቅ ተደረገ። መጥፎ ገንዘብ ጥሩውን ከገበያ ያስወጣል የሚባለው ሕግ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ሰው ወረቀቱን ያወጣል፣ ብሩን ያስቀራል። ሁለቱም ሳንቲሞች 1936 የሚል ቀን ስላላቸው በዓይን ብቻ መለየት ያሳስታል።

ጠገራን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ቀኑ ሁልጊዜ 1780 ነው፤ ሮም ይመታ፣ ቦምቤይ ይመታ፣ ቪየና ይመታ ለውጥ የለውም። ስለሆነም "ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየ" የሚለው የሻጭ ወሬ ዋጋ የለውም። ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት ሲሆን ንጹሕ ብሩ 23.4 ግራም ገደማ ወይም የአንድ አውንስ ሦስት አራተኛ ነው። አንድ አውንስ ብር በዓለም ገበያ 30 ዶላር ቢሆን፣ አንድ ጠገራ 22 ዶላር ከግማሽ ያህል ይመዝናል ማለት ነው። ቀለበት የተበየደበት ወይም ለአንገት ጌጥ የተበሳ ከሆነ ከማዕድኑ ዋጋ በላይ አይጠየቅበት።

የጃንሆይ ኖት

በ1937 ዓ.ም. የወጡት የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ኖቶች ከ1 ብር እስከ 500 ብር ነበሩ። ቀን አልተጻፈባቸውም። ዘመናቸው የሚለየው በገዥው ፊርማ ሲሆን፣ ከሁሉ የሚቀድመው የአሜሪካዊው የጆርጅ ብላወርስ ፊርማ ነው። ፊርማውን ሳያይ የሚሸጥ ሰው ደረጃውን ሳያስመረምር ቡናውን እንደሚሸጥ አቅራቢ ነው። በ1953 ዓ.ም. ገደማ በወጣው በሚቀጥለው ተከታታይ፣ በባለ 1 ብሩ ላይ የቡና ተክል ይታያል። ለጌዴኦ ሰው ከዚህ የቀረበ ኖት የለም።

በዚያን ዘመን አንድ ዶላር 2 ብር ከ50 ሳንቲም ያህል ስለነበር፣ ባለ 500 ብሩ 200 ዶላር ያህል ነው። ይህን የያዘ ሰው ማን ነበር? ትልቅ ነጋዴ ወይም ባለርስት። ደርግ በ1969 ዓ.ም. የጃንሆይን መልክ ከገንዘቡ ላይ አንስቶ አዲሱን ብር ሲያወጣ፣ ባለ ትልልቅ ኖቱ ተሯሩጦ ለወጠ። ባለ 1 ብር የያዘው ግን አንዳንዱ ለማስታወሻ አስቀረ። ስለዚህ ባለ 1 እና ባለ 5 ብሩ ይገኛሉ፤ ባለ 50 እና ከዚያ በላይ ያሉት በንጹሕ ይዞታ ብዙም አይገኙም። ከሳጥኑ ውስጥ የደላላውን ዓይን መሳብ የነበረበት ይኸው ባለ 50 ብር ነው። እሱ ግን ባለ 100 እስሩን ነው የሚያገላብጠው።

ስለ እስሩም እንነጋገር። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች እንደሚቀየሩ፣ ባለ 200 ብርም እንደሚጨመር ተነገረ። ለቅያሬው የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ጊዜው ሲያልፍ መቶ ፍሬ ባለ 100 ብር፣ ማለትም 10,000 ብር፣ ወረቀት ሆኖ ቀረ። ይህ ኖት ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ በሙሉ ሲዘዋወር የነበረ፣ ብዛቱ የማይቆጠር ነው። ሰብሳቢ ከእሱ የሚፈልገው አንድ ወይም ሁለት ያልታጠፈ ፍሬ እንጂ እስር አይደለም። "አሁን በርካሽ ግዛው፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ይወደዳል" የሚል ቢመጣ፣ ባለ ቀይ ማኅተሙን ማርክ ማስታወስ ነው።

ከዚያ በፊት ስላሉት ጥቂት ቃል ይበቃል። የአቢሲኒያ ባንክ ከ1907 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ተኪው የኢትዮጵያ ባንክ ደግሞ በ1924 እና በ1925 ዓ.ም. ያወጧቸው ኖቶች የሁሉም ቁንጮ ናቸው። ሆኖም ወረቀቱ ባንኩ ቅርንጫፍ ካለባቸው ከተሞች ብዙም አልራቀም። ጌዴኦ ውስጥ "ከአያቴ የወረስኩት የአቢሲኒያ ባንክ ኖት" የሚል ሻጭ ቢገኝ መጀመሪያ መጠርጠር ተገቢ ነው።

የታጠበ ቡናና የታጠበ ኖት

ቡና ታጥቦ ዋጋው ይጨምራል፤ ኖት ታጥቦ ዋጋው ይወድቃል። ብዙ ሰው ሊሸጥ ሲያስብ ኖቱን በሳሙና ያጥባል፣ በካውያ ይተኩሳል፣ የተቀደደውን በፕላስተር ያጣብቃል። ሦስቱም ኪሣራ ናቸው። ሰብሳቢ የሚከፍለው ላልተነካ ወረቀት ነው፤ መሐሉ ላይ አንድ እጥፋት ያለበት ኖት ካልታጠፈው እጅግ ያነሰ ሊያወጣ ይችላል። በውጭ አገር ኖት መርምረው ደረጃ የሚሰጡ ድርጅቶች እስከ 70 የሚደርስ ነጥብ ይሰጣሉ። የቡና ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ በሳህን ላይ ጉድለት መቁጠርን ያውቀዋል።

የዲላ አየር ሌላ ጣጣ ነው። ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ እርጥበቱ ብዙ አይለቅም፤ በእንጨት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ወረቀት ይሻግታል፣ ምስጥም ያገኘዋል። ኖት ጠፍጣፋ ሆኖ፣ ለብቻው፣ በደረቅና በጨለማ ቦታ ይቀመጣል። የመታወቂያ መሸፈኛ የሚሆነው ለስላሳው ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ ቀለሙን ስለሚጎዳ አይመከርም።

ሒሳቡ

አሁን ባለ ካፒታሉ ጎረቤት ይቅረብ። ባለ 50 ብሩን በ4,000 ብር ገዛው እንበል። ለአምስት ዓመት አስቀመጠው፤ ግሽበቱም በየዓመቱ 20 በመቶ ሆነ። ሳይከስር፣ ሳያተርፍ ለመውጣት ብቻ ከአምስት ዓመት በኋላ 9,950 ብር ያህል እጁ ላይ መግባት አለበት። ነገር ግን ኖት እንደ ጀንፈል ገበያ ወጥቶ በዕለቱ አይሸጥም። የሚሸጥለት ሰው 20 በመቶ ቢወስድ፣ ኖቱ መሸጥ ያለበት 12,440 ብር ገደማ ነው። ስለዚህ ዋጋው በአምስት ዓመት ከሦስት እጥፍ በላይ ካልጨመረ ነጋዴው ቡና ቢገዛበት ይሻለው ነበር። የአገር ውስጥ ገዢው ጥቂት ነው፤ ገንዘብ በቸገረው ቀን "ዛሬውኑ ልሽጥ" የሚል ሰው ግማሽ ዋጋም ላያገኝ ይችላል። በመጪው ወቅት እሸት ለመግዛት የሚያስፈልግ ገንዘብ እዚህ ውስጥ መግባት የለበትም።

የውጭ ገበያን የሚያስብ ደግሞ ሕጉን ይይ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። የቆየ ገንዘብ በዚህ ሥር ሊታይ ስለሚችል፣ ሻንጣ ውስጥ ከትቶ ቦሌ ከመድረስ በፊት የሚመለከተውን የቅርስ መሥሪያ ቤት መጠየቅ ይቀድማል። "እኔ አሻግርልሃለሁ" የሚለው ደላላ ቢያዝ የሚወረሰው የባለቤቱ ንብረት ነው።

የሳጥኑ ባለቤት እንግዲህ እንዲህ ብታደርግ ይበጃታል። ባለ 50 ብሩን ሳትነካካ ፊትና ጀርባውን ፎቶግራፍ አንስታ፣ ተከታታይ ቁጥሩንና ፊርማውን መዝግባ፣ ቢያንስ ከሁለት ገዢ ዋጋ ትጠይቅ። አራቱን ባለ 1 ብሮች ለየብቻ አታቅርባቸው፤ ከሊሬው ጋር ቢሆኑ የአንድ ዘመን ስብስብ ሆነው ጀማሪ ሰብሳቢ ይስባሉ። ሁለቱን ጠገራ ወርቅ ቤት ወስዳ በፊቷ ታስመዝን፤ 28 ግራም ካልሞሉ ወይ ተፍቀዋል ወይ ሐሰተኛ ናቸው። ከእስሩ ውስጥ ያልታጠፉ ሁለት ሦስት ፍሬ ካሉ ትምረጥ። የቀረውን ልጆች ይጫወቱበት።